ሼር የተደረገ ሺት «አልጽፍ» ሲል፦ የሱቅና የመጋዘን ፋይል ፈቃድ እንዴት እንዳስተካከልኩ

ሱቁ ታይዋን ገበያ፣ መጋዘኑ ሳቢያን ሰፈር የሆነ የድሬዳዋ ጅምላ ነጋዴ ዕቃውን የሚከታተለው በአንድ ጉግል ሺት (በኢንተርኔት በጋራ በሚሞላ ሰንጠረዥ) ነው፦ ቀን፣ የዕቃ ስም፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ መሸጫ ዋጋ። ስቶር ኪፐሯ (የመጋዘን ኃላፊዋ) ስም፣ ገቢና ወጪ ትሞላለች፤ ሌላውን እንዳትነካ ሺቱ ተቆልፏል። ችግሩ መሙላት ያለባትንም መሙላት አለመቻሏ ነበር።

መጀመሪያ የጠየቅሁት የስክሪን ፎቶ ነው። ከላይ «ቪው ኦንሊ» (ማየት ብቻ) ካለ ሰውየው ኤዲተር (መጻፍ የሚችል) አልተደረገም፤ በ«ሼር» በኩል ይስተካከላል። ሴሉ (የሰንጠረዡ አንድ ሳጥን) ሲነካ ብቻ «ፕሮቴክትድ ሴል» የሚል መልእክት ከመጣ ግን ጉዳዩ ጥበቃው፣ ማለትም ሺቱ ውስጥ ያለው መቆለፊያ ጋ ነው። ሼር የግቢ በር፣ ጥበቃው የጓዳ ቁልፍ ነው፤ አንዱ መከፈቱ ሌላውን አይከፍትም።

ቀጥሎ የማየው በየትኛው ጂሜይል እንደገቡ ነው። ብዙ ሰው ስልክ ሲገዛ ሻጩ የከፈተለት፣ አድራሻውን ራሱ የማያውቀው ጂሜይል አለው። ፈቃዱ ለአንዱ ተሰጥቶ ፋይሉ በሌላው ይከፈታል። ፋይሉ «ሊንኩ ላለው ሁሉ፣ ኤዲተር» ተብሎ ሲላክ ደግሞ ያለ ጂሜይል የገባ ሰው ያልተቆለፈውን ይጽፋል፣ የተቆለፈው ላይ ግን ስሙ ሊመዘገብ ስለማይችል ይመለሳል። ስለዚህ ሊንኩን ዘግቼ እያንዳንዱን በኢሜይሉ አስገባሁ።

ከዚያ በኮምፒውተር «ዳታ»፣ «ፕሮቴክት ሺትስ ኤንድ ሬንጅስ» ከፍቼ ዝርዝሩን አየሁ። እዚህ ነው ዋናው ነገር የተገኘው። ሙሉ ሺቱ ተቆልፎ፣ በላዩ ላይ የዋጋው ዓምድ ለብቻው ተቆልፏል። ሁለት ጥበቃ በአንድ ሴል ላይ ከተደራረበ ሰውየው በሁለቱም መፈቀድ አለበት። በዚያ ላይ በሺቱ ጥበቃ ውስጥ «ኤክሴፕት ሰርተን ሴልስ» ተብሎ ነጻ የተተወው ክፍል 500ኛው ረድፍ ላይ ያበቃል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ደህና ይሠራል፤ 501ኛው ላይ ሲደርሱ «ሺቱ ተበላሸ» ይባላል። የሺቱን ጥበቃ አንስቼ ቀን፣ ቀሪ እና ዋጋን ብቻ ቆለፍኩ፤ ለአንዱ «ካስተም» ብዬ ስሞቹን መርጬ፣ ለሌሎቹ ፈቃዱን ከእሱ ኮፒ አደረግሁ።

ዓምድ ሲቆለፍ የሚመጡ ሦስት ቅሬታዎች አሉ። አንደኛ፣ መሐል ላይ ረድፍ ማስገባትና መሰረዝ አይቻልም፤ ስለዚህ የቀሪውን ፎርሙላ እስከ ታች አስቀድሜ ጎትቼ ባዶ ረድፎች አዘጋጀሁ። ሁለተኛ፣ ሶርት (ረድፎችን በቅደም ተከተል መደርደር) የተቆለፈውን ዓምድ ስለሚያንቀሳቅስ ይከለከላል። መፍትሔው «ፊልተር ቪው» (ለራስ ብቻ የሚደረደር እይታ) ነው፤ የሌላውን ሰው እይታም አያምሰውም። ሦስተኛው አሳሳች ነው፦ ገቢ ሲጻፍ ቀኑን በራሱ የሚሞላው ስክሪፕት (ትንሽ ፕሮግራም) ለባለቤቱ ይሠራል፣ ለስቶር ኪፐሯ ግን አይሠራም። ተራው ኦንኤዲት (ሴል ሲቀየር በራሱ የሚሮጥ ፈንክሽን) የሚሮጠው ሴሉ ላይ በጻፈው ሰው ፈቃድ ነው፤ እሷ ደግሞ የቀን ዓምዱን መንካት አትችልም። ስክሪፕቱ ከሚጻፍበት ከአፕስ ስክሪፕት «ትሪገርስ» ገጽ በባለቤቱ አካውንት ትሪገር (ማስነሻ) ሲሠራለት በባለቤቱ ፈቃድ ይሮጣል። የፈንክሽኑን ስም መቀየር እንዳይረሳ፤ አለዚያ ተራውም በትሪገር የሚነሳውም አብረው ይሮጣሉ።

ሙከራውን በባለቤቱ አካውንት ማድረግ ዋጋ የለውም፤ ባለቤት መቼም አይቆለፍበትም። ኢንኮግኒቶ (የብሮውዘሩን የግል መስኮት) ከፍቼ በሌላ ጂሜይል ነው የሞከርኩት።

ኤክሴል ላይ አካሄዱ ሌላ ነው። እዚያ ሁሉም ሴል ከመጀመሪያው «ሎክድ» ነው፤ የሚሞሉትን ሴሎች ከፎርማት ሴልስ፣ ፕሮቴክሽን ላይ ፈትቶ ከዚያ ነው «ፕሮቴክት ሺት» የሚባለው። ከተቆለፈ ሴል ኮፒ ተደርጎ ክፍቱ ላይ ፔስት ሲደረግ ክፍቱም ይቆለፋል፤ ቫልዩውን (የተጻፈውን ይዘት) ብቻ ፔስት ማድረግ ያድናል።

ነጋዴው የመግዣ ዋጋውን በተደበቀና በተቆለፈ ሺት እዚያው ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ፈልጎ ነበር። አልተስማማሁም። ጥበቃ መጻፍን እንጂ ማየትን አይከለክልም፤ ኤዲተር የሆነ ሰው ፋይሉን ኮፒ አድርጎ ሁሉንም ሊገልጠው ይችላል። የመግዣ ዋጋው ለማንም ሼር ወዳልተደረገ ሌላ ፋይል ተዛወረ።