ታቦአን ገበያ ዋልኩ

ዛሬ ሴቡ ከተማ ታቦአን ገበያ ነበርኩ። ፊሊፒንስ መጥቶ ሞል ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። ታቦአን የታወቀው በደረቅ ዓሣ ነው። ሽታው ገና ከመንገድ ላይ ይቀበላችኋል፤ ልብስም ላይ ይቀራል።

ጠና ካሉ አንዲት ሻጭ ጋር ብዙ አወራን። ፊታቸው ዳንጊት ተከምሯል። ትንሽዬ ዓሣ ነው፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ይዘረጋል፣ ጨው ይነካና ፀሐይ ላይ ይደርቃል። አንዱን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙልኝ። ስስ ከመሆኑ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል። «ጥሩው የባንታያን ደሴቱ ነው» አሉኝ። አጠባበሱንም አስተማሩኝ፦ ዘይቱ በደንብ ይጋል፣ ዓሣው ገባ ብሎ ወዲያው ይውጣ፣ ከቆየ ይመራል። በነጭ ሽንኩርት ከተጠበሰ ሩዝና ከኮምጣጤ ጋር ቁርስ ነው። ቋንጣ ለለመደ ሰው ብዙም እንግዳ አይሆንም።

ሒሳብ ከፍዬ ስጨርስ እፍኝ ሙሉ መረቁልኝ። እንደኛ አገር ገበያ! ደስ ሲል። ጎረቤታቸው ደግሞ ሽታው ሻንጣዬን እንዳይበክለው ካርቶኑን በፕላስተር ዙሪያውን ጠቀለለችልኝ፤ ሳልጠይቃት።

ወደ ሴቡ የምትመጡ ወዳጆቼ፣ ታቦአንን እንዳታልፉት። ስትሄዱ ግን ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጮቹ ጨዋታ ይወዳሉ።