«ሙምፕሲመስ»፦ ሠላሳ ዓመት የኖረ የንባብ ስህተት

ስህተቱ ተነግሮት፣ ማስረጃውም ፊቱ ተዘርግቶለት፣ እንዲያም ሆኖ የለመድኩትን አልለቅም ብሎ ድርቅ የሚል ሰው በእንግሊዝኛ የራሱ ስም አለው፤ «ሙምፕሲመስ» ይባላል። የሙጥኝ ያለው ስህተትም በዚሁ ስም ይጠራል። «ግትር» የሚለው ቃላችን ይቀርበዋል፤ ነገር ግን ግትር ሰው እውነት ይዞም ሊገትር ይችላል፣ ሙምፕሲመስ ግን መሳሳቱ ከታየ በኋላ የሚመጣ ነው።

ቃሉ የተወለደው በቅዳሴ ነው። በላቲኑ ሥርዓት ካህኑ ከቁርባን በኋላ፣ ጌታ ሆይ፣ በአፋችን የተቀበልነውን በንጹሕ ልቡና እንድንይዘው አድርገን የሚል ጸሎት ያደርሳል፤ «ተቀበልን» የሚለው በላቲን «ሱምፕሲመስ» ነው። እንግሊዛዊው ዲፕሎማት ሪቻርድ ፔስ እ.ኤ.አ. በ1517 ባሳተመው መጽሐፍ እንደተረከው፣ አንድ ካህን ለሠላሳ ዓመት «ሱ»ን «ሙ» እያለ፣ ትርጉም የሌለውን «ሙምፕሲመስ» ሲያነብ ኖረ። ሲያርሙትም አሮጌውን ሙምፕሲመሴን በአዲሱ ሱምፕሲመሳችሁ አልለውጥም ብሎ መለሰ።

አንድ ፊደል ምን እንደምታደርግ ዳዊት የደገመ ሰው ያውቃል። ልጅ ሆኜ የኔታ የሳትኳትን ፊደል ሳያሳርሙኝ አያሳልፉኝም ነበር፤ በግእዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ፀሐይ መውጣቷን ሲናገር፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» የሌባ ሥራ ነው። ስለዚህ ካህኑን በንባቡ አልፈርድበትም፤ ሠላሳ ዓመት በአፍ የኖረ ድምፅ የጸሎቱ አካል ሆኖ እንደሚሰማ እረዳለሁ። የማዝንበት፣ ያ ጸሎት ንጹሕ ልቡናን እየለመነ ሳለ መታረምን እምቢ በማለቱ ነው።

ታሪኩን የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤራስመስም እ.ኤ.አ. በ1516 በጻፈው ደብዳቤ አንሥቶታል። የግሪክኛውን አዲስ ኪዳን ከታረመ የላቲን ትርጉም ጋር ያሳተመው በዚያው ዓመት ስለነበር፣ የለመድነው ንባብ አይነካብን የሚሉ ሰዎች ቁጣ በራሱ ላይ የደረሰ ጉዳይ ነበር።

ቃሉን ቤተ መንግሥት ያስገባው ግን የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1545 በፓርላማው ፊት ቆሞ እርስ በርስ የሚወጋገዙትን ካህናት ሲገሥጽ፣ አንዳንዶቹ በአሮጌው ሙምፕሲመሳቸው ደርቀዋል፣ ሌሎቹም በአዲሱ ሱምፕሲመሳቸው ከልክ በላይ ተጠምደዋል ብሎ ወቀሳውን ለሁለቱም ወገን አካፈለ። «ሱምፕሲመስ»ም የተለመደውን ስህተት ሊተካ የሚመጣ ትክክለኛ አባባል መጠሪያ ሆኖ ከአቻው ጎን መዝገበ ቃላት ገባ።