ብሊች እና በረኪና፦ ከስማቸው ውስጥ «ማጽዳት» የለም

እንግሊዝኛው ብሊች የሚለውን እኛ በረኪና እንለዋለን። ሁለቱ ቃላት ዘራቸው ሲቆጠር አንዱም ከጽዳት አይደርስም።

ብሊች በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ብሌካን» ነበር፤ ማንጣት ማለት ነው። የተወለደው ረጅም አናባቢ ካለው «ብላክ» ከሚል ቅጽል ሲሆን ትርጉሙ የገረጣ፣ የሚያበራ ነው። ጥቁር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ በአጭር አናባቢ ተለይቶ ከጎኑ ቆሞ ነበር፤ ቆየት ብሎም በጽሑፍ የሚምታቱበት ዘመን መጣ። የቋንቋ አጥኚዎች ሁለቱንም መንደድና ማብራት ወደሚል አንድ ጥንታዊ ሥር ይመልሷቸዋል። የሚነድ ያበራል፣ የነደደ ይጠቁራል። ተስፋ የሌለውን፣ ጭር ያለውን «ብሊክ» የሚሉትም ከዚሁ ቤት ነው፤ መነሻው መገርጣት ነው። እኛስ «የነጣ ድሃ» እንል የለ? አሜሪካኖች ጣሪያ የሌለውን የስታዲየም መቀመጫ «ብሊቸርስ» ያሉት ጣውላውን ፀሐይ ስለሚያነጣው ነው።

ደግሞም የመጀመሪያዋ ብሊች ራሷ ፀሐይ ነበረች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሆላንድ፣ በሃርለም ዙሪያ፣ የተልባ እግር ጨርቅ በአመድ ውሃ ይቀቀላል፣ አሬራ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ሣር ላይ ተሰጥቶ ውሃ ይረጭበታል፤ ይህ እየተደጋገመ ወራት ይፈጃል። ስዊድናዊው ኬሚስት ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1774 ክሎሪንን አገኘ፤ ፈረንሳዊው በርቶሌ በ1785 እንደሚያነጣ አሳየ። ብዙም ሳይቆይ በፓሪስ ዳርቻ፣ በዣቬል፣ የሚያነጣ ፈሳሽ ከእሱ ተሠራ። በ1799 የግላስጎው ሰው ቴናንት በሚያነጣ ዱቄት ላይ የፈጠራ መብት አወጣ። የወራቱ ሥራ በቀናት የሚያልቅ ሆነ።

በረኪና ግን ከጣልያንኛው «ቫሬኪና» የመጣ ነው፤ እሱም ከፈረንሳይኛው «ቫሬክ»፣ ከባሕር አረም። አረሙ ተቃጥሎ ከአመዱ ጨርቅ ለማጠብና ለማንጣት የሚያገለግል ሶዳ ይወጣ ነበር። «ቫሬክ» ደግሞ እንግሊዞች የመርከብ ስብርባሪ ከሚሉበት «ሬክ» ጋር ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ባሕር ወደ ዳር የተፋው ናቸው።

ወደ ባልዲው ስንመጣ፣ እዚህ ላይ የእንግሊዝኛው ስም ልክ ነው። በረኪና ያነጣል፣ ጀርም ይገድላል፤ ቅባትና ጭቃ ግን የሚያነሳው ሳሙና ነው። እድፉ የጠፋ ሲመስል ብዙ ጊዜ የጠፋው ቀለሙ ብቻ ነው። ቆሻሻ ላይ ካፈሰሱት ክሎሪኑ ከቆሻሻው ጋር ተዋግቶ ያልቅና ለጀርሙ የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በረኪና። መለያው ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ቀዝቃዛ ውሃ 0.5 በመቶ ይሰጣል፤ ወለሉን 10 ደቂቃ እርጥብ አድርጎ ማቆየት ነው። ሙቅ ውሃ ኃይሉን ይሰብረዋል። የተበጠበጠውን ለነገ አያሳድሩ።

በረኪና ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋርም ሌላ መርዝ ይፈጥራል።

ሱፍና ሐር በረኪና ውስጥ ይሟሟሉ። ናይለን ይወይባል። የዝገት ነጠብጣብ ላይ ከፈሰሰ ዝገቱን ያጸናዋል። ነጠላ ላይ ደግሞ ጥጡ ሲነጣ ጥለቱም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ በረኪናውን ለአንሶላው ትተው ነጠላውን ለሳሙናና ለፀሐይ ይስጡት።