የአጎቴ ኪኒን

ጥር 14፣ ማታ

ዛሬ መሳቢያ ሳጸዳ ያ ኪኒን ወጣ። አሥር ፍሬ ከሚይዘው ማሸጊያ አራቱ ቀርተዋል። አሎፑሪኖል፣ ባለ 300 ሚሊግራም። ልጥለው ደጅ ድረስ ይዤው ወጣሁና ሳልጥለው ተመለስኩ፤ ይኸው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው እጽፋለሁ። ስለ ነሐሴ እስካሁን አንድ መስመር አልጻፍኩም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ድዱ መድማት ጀመረ፤ ከዚያ ከቤት እስከ ደጅ መሄድ አቃተው። አባየና እማየ ከሞጣ በአዴት በኩል ባሕር ዳር፣ እኔ ጋ ይዘውት መጡ። ነጭ የደም ሴሉ 140 ሺህ ገብቶ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 11 ሺህ ነው። የደም ካንሰር ነው፣ በፍጥነት የሚሄደው ዓይነት፣ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ አሉን። እማየ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አባየ አያት አያትና «ነጠላሽን መልሺ፣ ልጄ አልሞተም» አላት። መለሰችው። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መጻፍ የምፈልገው ስለ ሽንት ነው።

ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ከኔ ብትበልጥ በሁለት ዓመት ነው። ኬሞ (የካንሰሩ መድኃኒት) ከመጀመሩ በፊት ሰብስባን «ይሄ በሽታ መድኃኒቱን በጣም ይፈራል፤ የመጀመሪያው ሳምንት ጭንቀታችንም እሱ ነው» አለችን። ምን ማለቷ እንደሆነ ያልገባት እማየ ብቻ አልነበረችም። የካንሰሩ ሴሎች ተራ በተራ ቢሞቱ ግድ አልነበረም። ሚሊዮን በሚሊዮን አንድ ላይ ሲሞቱ ግን ሆዳቸው ውስጥ የነበረው ሁሉ ደም ውስጥ ይፈሳል። ፖታሲየሙ ልብን ይረብሻል። ፎስፌቱ ካልሲየምን ያወርዳል። ዲኤንኤው ደግሞ ጉበት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየተፈጨ መጨረሻው ዩሪክ አሲድ ይሆናል። ዩሪክ አሲድ ሲበዛ ሽንት አያሟሟውም፤ እንደ ደቃቅ አሸዋ እየጠጠረ የኩላሊትን ቀጫጭን ቧንቧ ይደፍናል።

አባየ እስከዚያ ዝም ብሎ መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ «አረሙን ነቅለህ ነቅለህ እቦዩ አፍ ላይ ብትከምረው ማለት ነው» አላት።

«እሱኑ ነው አባባ» አለች። «እኛ አረሙን ልንነቅል ነው። እናንተ ቦዩን ትጠብቁልናላችሁ።»

ቦይ ጠባቂነቱ ለኔ ደረሰ። አንድ ደብተር ከመሃሉ አስምሬ በግራ «ገባ»፣ በቀኝ «ወጣ» ብዬ ጻፍኩበት። የሚገባው በክንዱ የሚንጠባጠበው ጉሉኮስና (ሁላችንም ጉሉኮስ እንለዋለን፣ ሳላይንም ቢሆን) በአፉ የሚጠጣው ነው፤ የሚወጣው በመለኪያ ዕቃ። ዶክተሯ ቁመቱንና ክብደቱን ወስዳ የገላውን ስፋት በካሬ ሜትር አሰላችው፣ ልክ እንደ ቦታ ካርታ። አንድ ተኩል ካሬ ሜትር ግድም ወጣ። ለአንድ ካሬ ሦስት ሊትር፣ ስለዚህ በቀን አራት ሊትር ተኩል። መድኃኒቱ ሳይነካው በፊት ዩሪክ አሲዱ 9.4 ነበር። የወንድ ልጅ ከ7 ብዙ ማለፍ የለበትም። ሴሎቹ ለካ በራሳቸውም እየተወለዱ በራሳቸው ይሞቱ ነበር።

ከውሃው ሌላ ይቺ ኪኒን ታዘዘች። «ይሄ የመጣውን አይመልስም፣ የሚመጣውን ነው የሚከለክለው» አለችኝ ዶክተሯ። ዩሪክ አሲድ የሚሠራውን ኢንዛይም ታስራለች፤ ቀድሞ የተጠራቀመውን ግን ኩላሊቱ ራሱ በውሃ ማጠብ አለበት። ቆዳው ላይ ሽፍታ ካየሁ ሳልውል ሳላድር እንድነግራት አስጠነቀቀችኝ።

ሐምሌ 30 ፕሬድኒሶሎን የሚባለው መድኃኒት ብቻ ተጀመረ። ጠንካሮቹን ወዲያው ያልሰጡት ሸክሙ ቀስ ብሎ እንዲቀል ነው። በማግስቱ ፍልሰታ ገባ።

ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ፍልሰታን ሳይጾም ቀርቶ አያውቅም። ጠዋት የውሃ ብርጭቆ ስሰጠው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እታለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ። ከዚያ የፈለግሽውን ያህል እጠጣለሁ።» እኔ ተቆጣሁ። እማየ ጭራሽ በመሃላችን ቆማ አለቀሰች፤ ልጇ እንዲጠጣም እንዳይጠጣም ፈራች። አባየ ወጣ ብሎ ለንስሐ አባታችን ደወለና ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈለት። የአባ ድምፅ ለእኛም ይሰማ ነበር፤ የደብራቸውን ማይክ የለመዱ ናቸው። «ልጄ፣ ለበሽተኛ ጾም የለበትም። ጠጣ።» በቃ ይኸው ነበር። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ የተከራከርኩትን በአምስት ቃል ጨረሱት። እማየ በቢጫ ጀሪካን ያመጣችው ጠበል ላይም እንዲሁ ተነጋገርን። ነርሷ በቁጣ ሳይሆን በልመና «እናቴ፣ ነጭ ሴሉ ሊወርድ ነው፣ ትንሽ ጀርም አይችልም፤ ይረጭ እንጂ አይጠጣ» አለቻት። ተረጨ። እኔም ተረጨሁ፣ ደብተሩም ረጠበ።

በሁለተኛው ቀን አጎቴ መጣ፤ የእማየ ታላቅ ወንድም። እያነከሰ ነው የገባው፣ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሪህ አለበት፣ ያው ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠጥር የሚመጣው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው አወራ፤ ወንድሜ ኪኒኑን ሲውጥ ሲያይ ግን ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄማ የኔ ነው!» ከጃኬቱ ኪስ የራሱን አወጣ። አነጻጸርናቸው፣ ስሙ አንድ ነው።

«እኔስ በጥሬ ሥጋና በጠላ ነው ያገኘሁት። አንተ በምን አገኘኸው?»

ወንድሜ ከመጣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «በዓመት ሁለት ቀን በምበላው ዶሮ ይሆናላ፣ ጋሼ።»

ጠያቂው ሁሉ ግን እንደ አጎቴ በሳቅ አላለፈውም። «የሪህ መድኃኒት የሚሰጡት ካንሰር አይደለም ማለት ነው» ያለችን ጎረቤት ነበረች። ሌላዋ ሥጋ እንዳታበሉት ብላ መከረችን፣ በፍልሰታ! በምግብ የመጣ እንዳልሆነ፣ የሚሞቱት ሴሎች ራሳቸው የሚተፉት እንደሆነ በቀን አሥር ጊዜ አስረዳሁ። በመጨረሻ የአባየን ቦይ ተዋስኩ፣ እሱ ይገባቸው ነበር።

የምግቡ ጉዳይ በሌላ በኩል መጣ። ባሕር ዳር ላይ በሽተኛ ጥየቃ ማለት ሙዝ ነው። ኮሞዲኖው ላይ ሁለት እጅ ሙዝ፣ ከስሩ በፌስታል ብርቱካን ነበር። በሦስተኛው ቀን የጠዋት ውጤት ሲመጣ ዶክተሯ አልፋኝ ሄዳ መጀመሪያ ያነሳችው ሙዙን ነው። ሙዝ ፖታሲየም ይበዛዋል፣ የወንድሜ ፖታሲየም ደግሞ ከልክ አልፎ 5.9 ገብቷል። ዩሪክ አሲድ 11.2። ወንድሜ ከንፈሩን ይነዝረው ጀመር፤ ካልሲየሙ ወርዷል። ደረቱ ላይ የልብ ምት የሚከታተል ገመድ ተለጠፈ። «ሥራውን እየሠራ ነው» አለችኝ ስለ ፕሬድኒሶሎኑ፣ ፊቷ ግን የምሥራች የሚናገር ሰው ፊት አልነበረም። ሽንት ካልመጣ ወደ ኩላሊት እጥበት እንደሚሄድ ነገረችን።

የተሠራውን ዩሪክ አሲድ በሰዓታት ውስጥ የሚያፈርስ መርፌም አለ፣ ራስቡሪኬዝ ይባላል። ዋጋውን ስሰማ ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ለሁሉም ሰው አይሆንም ደግሞ፤ ጂ-ስድስት-ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ከልደቱ የጎደለው ሰው ቢወጋው ቀይ ደሙ ይፈራርሳል። መርፌው ውስጥ ያለው እኮ አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት በተፈጥሮ የያዙት ኢንዛይም ነው። ሰው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት አጥቶታል። ይህንን ለአባየ ስነግረው «ዳልቻም አለው?» አለኝ፣ በሬያችንን ማለቱ ነው። አለው አልኩት። ብዙ ቆይቶ ለብቻው «ዳልቻን ብሸጠው ያን መርፌ ይገዛ ይሆን?» ሲል ሰማሁት። አይገዛም ነበር።

የዚያን ሌሊት ገጽ አሁን ገልጬ አየሁት። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ፣ «ወጣ» ከሚለው ስር ያለው ድምር 90 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የቡና ሲኒ ተኩል ቢሆን ነው። የሚያሸና መርፌ ሰጡት። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ ከቧንቧው ይንጠባጠባል፣ ከጣሪያው ይፈሳል። ዓባይ ራሱ በዚያ ሰሞን ድልድዩ ስር ቡናማ ሆኖ እየጮኸ ነበር የሚሄደው። አገሩ ሁሉ ውሃ ሆኖ ሳለ እኔ ጥቂት ማንኪያ ሽንት እለምናለሁ።

እንቅልፍ እንዳይወስደኝ በስልኬ ስለ ኪኒኒቱ አነበብኩ። አሎፑሪኖልን ከሠሩት አንዷ ገርትሩድ ኤሊየን የምትባል አሜሪካዊት ናት። አያቷ በካንሰር ሲሞቱ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች፤ ወደ ሳይንስ የሄደችው በዚያ ነው። ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር ሆና መርካፕቶፑሪን የሚባለውን የሉኬሚያ መድኃኒት ሠሩ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ፈቃድ አገኘ። ችግሩ ግን መርካፕቶፑሪንን የሰውነት ኢንዛይም ቶሎ ያፈርሰዋል። ኢንዛይሙን የሚያስር ነገር ፍለጋ ገቡ፣ አሎፑሪኖል መጣች። ያው ኢንዛይም ዩሪክ አሲድ የሚሠራውም እሱ ስለሆነ፣ የበሽተኞቹ ዩሪክ አሲድ ሲወርድ አዩ። በ1966 ኪኒኒቱ ለሪህ ተፈቀደች። በ1988 ሁለቱ ኖቤል ሲሸለሙ አብሯቸው ጄምስ ብላክ የሚባል ሰው ነበር። ለካ ኪኒኒቱ መጀመሪያ የወንድሜ ነበረች፣ አጎቴ ነው የተዋሳት። ጠዋት ለአጎቴ ደውዬ እነግረዋለሁ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ያኔ ነው ወንድሜ «እታለም፣ ዕቃውን» ያለኝ።

350። ከዚያ 400። ንጋት ላይ ደግሞ 500። ቁጥሩን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ጽሑፉ አሁንም ያሳብቃል። አባየ ዕቃውን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየውና እንደ ጥሩ ጠጅ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ዩሪክ አሲዱ በአራተኛው ቀን 8.1፣ በአምስተኛው 6.3፣ በሰባተኛው 4.9። ጠንካሮቹ መድኃኒቶች፣ ቪንክሪስቲኑና ሌሎቹም፣ ተከተሉ። ያን ጊዜ ግን ሊገደሉ የቀሩት ሴሎች ቦዩን የሚደፍኑ ያህል አልነበሩም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር።

ኪኒኖቹ ግን ተርፈው ነበር። ከሆስፒታል ስንወጣ አቁሚ ተብያለሁ፣ ወረቀቱም ላይ የለም። ታኅሣሥ ላይ በቤት የሚወሰደው መርካፕቶፑሪን ተጀመረ። አንድ ቀን ወገቤን አመመኝ አለ። የነሐሴው ሌሊት ትዝ አለኝና፣ ኩላሊቱ ነው ብዬ፣ ማንንም ሳልጠይቅ ከተረፈው መስጠት ጀመርኩ። ስድስት ቀን፣ ስድስት ፍሬ። ምን ይጎዳል፣ አጎቴ በየቀኑ ይወስደው የለ!

በቀጠሮው ቀን ፋርማሲስቱ «ሌላ የሚወስደው ነገር አለ?» አለኝ። እንዲያውም በኩራት ነው የነገርኩት። ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። መርካፕቶፑሪንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም አስሬ፣ አንዱን ኪኒን እንደ ሦስት እንደ አራት እየቆጠረ ሰውነቱ ውስጥ እንዲቆይ አድርጌዋለሁ። ሁለቱ አብረው የሚሰጡበት ጊዜ ቢኖር እንኳ የመርካፕቶፑሪኑ መጠን ከቀድሞው ሲሶ ወይም ሩብ ብቻ እስኪሆን ይቀነሳል አለኝ። የዚያን ዕለት ደሙ ሲታይ ነጭ ሴሉ ወርዶ ወርዶ 900 ደርሷል። መድኃኒቱ ለሁለት ሳምንት ቆመ። ትኩሳት ይመጣ ይሆን እያልኩ ሌሊት ሌሊት ግንባሩን ስዳስስ ከረምኩ፣ እግዜር ይመስገን አልመጣም።

የሚያናድደኝ አለማወቄ አይደለም። ታሪኩን አውቀው ነበር። ኤሊየን ኪኒኒቱን የፈለገችው መርካፕቶፑሪን እንዳይፈርስ ብላ እንደሆነ በዚያ ሌሊት አንብቤ፣ ለአጎቴም በስልክ እንደ ተረት ተርኬ፣ አስቄዋለሁ። ወንድሜ ሲያውቅ አልተቆጣኝም። «አንቺ እኮ ሳይንሱን በቃልሽ ነው የምትይዢው» አለኝ፣ በቃ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አጎቴ ከሰዓት ደውሎ ነበር፤ ጣቱ ተነስቶበታል። «ያ የልጁ ኪኒን ተርፎ እንደሆን ላኪልኝ፣ ፋርማሲ መሄጃ እግር የለኝም» አለኝ። የሱ ባለ 100 ነው፣ ይሄ ባለ 300። ማን ያዘዘልህ ነው ጋሼ፣ ስንት ነው የምትወስደው፣ ሌላ የምትውጠው ነገር አለ ወይ እያልኩ ስጠይቀው «ፖሊስ ሆንሽ እንዴ?» ብሎ ዘጋብኝ። ነገ ወንድሜን ለደም ምርመራ ስወስድ አራቱን ፍሬ ይዤ ሄጄ ለፋርማሲስቱ እሰጠዋለሁ። የአጎቴንም ኪኒን ስምና መጠን ጽፌ ይዣለሁ፣ እጠይቀዋለሁ።