በመታሁት ቁጥር ያበጠ ፓራፋንጎ

የሞተሬን የኋላ ፓራፋንጎ፣ ማለትም ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ያጎደጎድኩት ራሴ ነኝ። ወደ ኋላ ስገፋት ከግንብ ጋር አላተምኳት። ጉድጓዱ የመዳፌን ያህል ቢሰፋ ነው፤ ጥልቀትም የለው። "ይሄማ የአስር ደቂቃ ሥራ ነው" ብዬ ፈታሁት። ሞርሳ አለኝ፣ መዶሻ አለኝ፣ ከስር የምደግፍበት ወፍራም የብረት ቁራጭ አለኝ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ጉድጓዱ ቶሎ ወጣ። ግን ቦታው ትንሽ ከፍ ያለ መሰለኝና አንድ ሁለቴ ጨመርኩለት። የባሰ ከፍ አለ። እንደገና መታሁት። እልህ ተያያዝን። ሲመሽ ጉድጓድ የነበረው እብጠት ሆኖ ቁጭ አለ። በአውራ ጣቴ ስጫነው "ጧ" ብሎ ይገባል፤ ስለቀው "ጧ" ብሎ ይወጣል። ልክ እንደ ጣሳ ክዳን።

ያዳኑኝ ዕድሜያቸውን በባቲላሜራነት፣ የተጎዳ የመኪና ላሜራ በማቃናት፣ ያሳለፉ ጎረቤቴ ናቸው። ፓራፋንጎውን አገላብጠው አዩና ሳቅ እያሉ "ልጄ፣ ይሄን እኮ እንደ ሊጥ ነው የዳመጥከው" አሉኝ።

ነገሩ ለካ ይሄው ነው። መዶሻው ብረት፣ ከስር ያለውም ብረት ሲሆን ላሜራው መሃል ላይ ይጨፈለቃል። ይሳሳል። ሲሳሳ ደግሞ ወደ ጎን ይሰፋል። ዙሪያው ያለው ላሜራ ግን ፈቀቅ አይልለትም። መሄጃ ያጣው ትርፍ ወደ ላይ ያብጣል። እኔ ደግሞ ባበጠ ቁጥር እየቀጠቀጥኩ ሌላ ትርፍ እጨምርለት ነበር።

"ድጋፍህን ዝቅ ካለው ቦታ ስር ያዝ፣ መዶሻህን ከጎኑ ከፍ ያለው ላይ አሳርፍ" አሉኝ። ሁለቱ ፊት ለፊት ካልተጋጩ ላሜራው ይታጠፋል እንጂ አይዳመጥም። የእንጨት ወይም የጎማ መዶሻ ከሆነና ከስሩ የአሸዋ ከረጢት ካለ ደግሞ የበለጠ ይራራል።

የኔ ግን አንዴ ሰፍቷል። ቀለሙን ፍቀን እብጠቱ አናት ላይ የትንሽ ሳንቲም ስፋት ያህል ብቻ በጋዝ ነበልባል ቀይ እስኪሆን አጋሉት። ግራ ገባኝ። ብረት ሲሞቅ ይሰፋ የለ እንዴ? ሊሰፋ ይፈልጋል፤ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ግን አያሰፋውም። የጋለው ለስላሳ ስለሆነ መግፋት ሲያቅተው እዚያው ይወፍራል። ሲቀዘቅዝ ይኮማተርና ከመጀመሪያው ያነሰ ስፋት ይይዛል። ቀላ እንዳለ በመዶሻ ዳበስ ዳበስ አደረጉት፣ እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረጉበት። ሦስት ነጥብ በቃው። "ጧ" ጠፋች። (ዚንክ የተቀባ ላሜራ ላይ ይሄን አትሞክሩ፤ ጭሱ ያሳምማል።)

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሱስ ሆነብኝ። ለሞተሯ የፊት መብራት የሚሆን ጎድጓዳ ሽፋን ከ1 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ልሠራ ተነሳሁ። የመጀመሪያዋን እሳት በላት። አሉሚኒየም በመዶሻ ሲደበደብ ይጠነክራል፤ ሥራው እንዲቀጥል እያሞቁ ማለስለስ ግድ ነው። ችግሩ እንደ ብረት አይቀላም። 660 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ይቀልጣል፤ እስኪቀላ ስጠብቅ ድንገት ተንጠባጠበ። አሁን ሳሙና እቀባዋለሁ። ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱን አነሳለሁ። ርካሽ ዘዴ ናት፣ ግን ሁለተኛ አላቀለጥኩም።

ቅርጹን የማወጣው ግንድ አናት ላይ በቆፈርኩት ጎድጓዳ ነው። ከዳር ጀምሬ ክብ እየዞርኩ ወደ መሃል እመታለሁ፤ እያንዳንዷ ምት የበፊቷን ትንሽ መንካት አለባት። ያኔ ዳሩ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሰበሰባል። መጀመሪያ ስህተት የሠራሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሽንሽኑ ግን ጥሩ ነገር ነው፤ ትርፉ የተጠራቀመው እዚያ ነው። በእንጨት መዶሻ ቀስ ብሎ እርስ በርሱ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ዳሩ ይወፍራል። ከተደራረበ ግን አለቀ። ይሰነጠቃል። ሁለተኛዋ በዚህ ሄደች።

የት መስፋት የት መኮማተር እንዳለበት ለማወቅ ወረቀት እጠቀማለሁ። ልሠራው የፈለግኩት ቅርጽ ላይ ወረቀት አለብሳለሁ። ወረቀቱ የተሸበሸበበት ቦታ ላሜራው መኮማተር አለበት። እንዲተኛ መቅደድ ያስፈለገኝ ቦታ ደግሞ መስፋት አለበት። ይሄን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ አሉሚኒየም በተረፈኝ።

ሦስተኛዋ ሽፋን ተሳክታለች። በተለይ በማታ። ፓራፋንጎውንም ቀለም ቀብቼ አሰርኩና ለጎረቤቴ አሳየኋቸው። አላዩትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በመዳፋቸው ዳሰሱት። መሃል ላይ እጃቸው ቆመ።

"እዚህ ጋ አለች" አሉ።

እኔም ዳሰስኩት። አለች።