መጀመሪያ ቦታ፣ ሌንስ ቀጥሎ፦ የኳስ ጨዋታ ፎቶ በጅማ

ከዚህ ዙር የፎቶ ልምምዳችን ጎልቶ የወጣው ነገር አንድ ነው። የጨዋታ ፎቶ በብዛት የሚበላሸው በካሜራው ድክመት አይደለም፤ አንሺው የተቀመጠበት ቦታ የተጫዋቹን ፊት ስለማያሳይ ነው። ውድ ሌንስ ይዞ የጀርባ ቁጥር ብቻ ለቅሞ የሚመለስ ብዙ ነው። በ2010 ዓ.ም. ክለቧ ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ያነሳባት ከተማ ጨዋታዋ በደንብ ሊቀረጽላት ይገባል፤ ስለዚህ ይህ ማስታወሻ በቅድሚያ የሚያወራው ስለ መቀመጫ ነው።

ዋናው ቦታ ከግብ መስመሩ ጀርባ ነው፤ አጥቂ የሚመጣው ፊቱን ወደ ግቡ አዙሮ ነውና። ነገር ግን ከመረቡ ቀጥታ ኋላ መቀመጥ አያዋጣም። ፎከሱ ተጫዋቹን ትቶ መረቡን ይይዛል። የሚሻለው በማዕዘን ባንዲራውና በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ስፋቱ 68 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ 14 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ወደ ክልሉ ጠርዝ የሚቀርበውን ግማሽ መምረጥ ይሻላል። ወደ ባንዲራው በጣም ሲጠጉ በሩቁ የግብ ቋሚ በኩል የሚደረገው ሁሉ በተከላካዮች ጀርባ ይሸፈናል።

ቁጭ ብሎ ማንሳት ግድ ነው። ሌንሱ ከመሬት ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል ተጫዋቹ ግዝፈት ያገኛል፣ ኳሱ ከሣሩ በላይ ተለይቶ ይታያል፣ ከኋላ ያለው ደጋፊም ደብዝዞ ጥሩ ዳራ ይሆናል። ለዚህ የጅማ በርጩማን የሚያህል የለም፤ ሦስት እግር ስላለው ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይ እንኳ አይነቃነቅም። ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር የካሜራ መደገፊያ) ያለው በጉልበቶቹ መካከል ይትከለው። ሞኖፖድ የሌለው ክርኑን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ፤ ግን ክርኑ ከጉልበቱ አጥንት ትንሽ አልፎ ጡንቻው ላይ ይረፍ፤ አጥንት በአጥንት ላይ ይንሸራተታል።

አሁን ርቀቱን እንለካ። ካሜራው በቁም ተይዞ አንድ ቆሞ የሚታይ ተጫዋች የፎቶውን ቁመት ሁለት ሦስተኛ እንዲሞላ ሙሉ ፍሬም ካሜራ (ምስሉን የሚይዘው ሴንሰር የድሮውን ፊልም የሚያህል) በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ 15 ሜትር፣ በ300 ከ22 ሜትር ጥቂት ከፍ ያለ፣ በ400 ደግሞ 30 ሜትር ርቀት ይፈልጋል። ሴንሰሩ ክሮፕ፣ ማለትም ከሙሉ ፍሬም ያነሰ፣ ከሆነ እነዚህን ርቀቶች በአንድ ተኩል ገደማ ማብዛት ነው። ማለትም ብዙዎቻችን ያለን ክሮፕ ካሜራ ከ70–200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር እስከ 22 ሜትር ድረስ ያገለግላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጨዋታ ባይተኩሱት ይሻላል፤ ቆርጦ ማሳደግ እህል የመሰለ ነጠብጣብ ብቻ ያተርፋል።

የሩጫ መም ያለበት ስታዲየም ሒሳቡን ይለውጠዋል። መደበኛው 400 ሜትር መም በግቡ ቀጥታ ኋላ ከግብ መስመሩ 26 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስምንቱ ሌኖች ሌላ 10 ሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ይጨምራሉ። አስተባባሪዎች ከመሙ ውጭ ሁኑ ካሉ ከግቡ ኋላ መቀመጥ 36 ሜትር ርቆ መቀመጥ ነው። የመሙ ጥምዝ ግን በማዕዘን ባንዲራው አጠገብ ሜዳውን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ እዚያ ከመሙ ውጭ ሆኖም ርቀቱ 11 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ ወደ ማዕዘኑ መሄድ ነው፤ የሩቁን ቋሚ ብናጣም ክንፍ ተጫዋቾቹንና የማዕዘን ምቱን እናገኛለን።

በጎን መስመር በኩል መታየት ያለበት ረዳት ዳኛው ነው። እያንዳንዱ ረዳት ዳኛ የሚሮጠው በአንደኛው ጎን ግማሹን ብቻ ነው፤ ከመሀል መስመሩ እስከ ማዕዘኑ። ጨዋታው ሳይጀመር የትኛው ግማሽ የእሱ እንደሆነ አይቶ በሌላኛው ግማሽ መቀመጥ ይገባል፤ አለዚያ በየጥሩው ቅጽበት ባንዲራው ፍሬም ውስጥ ይገባል። ይህ ቦታ ለመሀል ሜዳ ፍልሚያና ለአሰልጣኞች ፊት ጥሩ ነው፤ ለግብ ግን ደካማ ነው።

ከላይ፣ ከደረጃው፣ የሚነሳው ፎቶ ሌላ ዓይነት ነው። የግድግዳ አሰላለፍ፣ የቅጣት ምት አቀማመጥ፣ በሣሩ ላይ የረዘመ ጥላ ከዚያ ይገኛል። እንደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ያለ፣ በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ጨዋታዎች ያስተናገደ ትልቅ ሜዳ ላይ የመጀመሪያውን አጋማሽ አሥር ደቂቃ ያህል ከላይ ማንሳት በቂ ነው። የሽቦ አጥር ባለበት የሰፈር ሜዳ ደግሞ የሌንስ ኮፍያውን አውልቆ መስታወቱን ሽቦው ቀዳዳ ላይ ማስጠጋትና አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው መክፈት ሽቦውን ያጠፋዋል።

ብርሃን ላይ ደግሞ ብዙ ፎቶ ይባክናል። ለሙሉ ፀሐይ መነሻው ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/1600 ሰከንድ፣ አፐርቸር 4፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ነው። የደረጃው ጥላ ግማሹን ሜዳ ሲሸፍን ልዩነቱ ሦስት ስቶፕ አካባቢ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ወይም ግማሽ ነው) ስለሚሆን አይኤስኦው ወደ 800 ይወጣል። ካሜራው ሁለት የተቀመጡ ምርጫዎችን የሚይዝ ከሆነ አንዱን ለፀሐይ፣ ሌላውን ለጥላ ማዘጋጀት ነው። አውቶማቲክ መለኪያን ማመን አደጋ አለው፤ ነጭ መለያ ወይም ሰማይ ፍሬሙን ሲሞላ ካሜራው ያጨልምና የተጫዋቹ ፊት ይጠቁራል። በአውቶማቲክ የሚያነሳ ሰው ቢያንስ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ይጨምር፤ ፀሐይዋ ከተጫዋቹ ኋላ ከሆነች አንድ ሙሉ ስቶፕ። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጀመረ ጨዋታ የሚያልቀው 12 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ እዚህ 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች። በሁለተኛው አጋማሽ በየአሥር ደቂቃው ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ብርሃንና ጨለማ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ማየት ያስፈልጋል። ሻተሩ ከ1/800 በታች ከወረደ እግርና ኳስ ይደበዝዛሉ፤ ከዚያ ይልቅ አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ነጠብጣቡን መቀበል ይሻላል።

ተከታታይ ፎቶ ሲነሳ ከሦስት እስከ አራት ብቻ። ጣትን ሳያነሱ መጫን የካሜራውን ጊዜያዊ ማኅደር ይሞላና ግቡ ሲገባ ካሜራው ይቆማል። ካርዱ ቀርፋፋ ከሆነ በሮው (ብዙ ቦታ በሚይዘው ጥሬ) ፋይል ፈንታ ተጨምቆ በሚያንሰው በጄፔግ ማንሳት። ግብ ከገባ በኋላም ካሜራውን ከዓይን አለማውረድ፤ ብዙ ጊዜ ከግቡ ይልቅ የሚፈለገው ፎቶ ደስታውና የተሸናፊው ግብ ጠባቂ ፊት ነው።

ክረምት ሲገባ የጅማ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል። ፌስታል ከታች ቀዶ ሌንሱ ጫፍ ላይ በላስቲክ ማሰር፣ የሌንስ ኮፍያውን አለማውለቅ፣ ሁለት ደረቅ ጨርቅ በኪስ መያዝ በቂ ነው። ዋናው ጉዳት የሚደርሰው ግን ቤት ከገቡ በኋላ ነው። እርጥብ ካሜራ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ ካደረ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ይጀምራል፤ በተለይ የቆዳ ቦርሳ እርጥበት ይይዛል። አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ማድረቅ፤ ከዚያ ክዳኑ በሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ማስቀመጥ።

ለመግለጫ ጽሑፍ የሚረዳ አንድ ነገር፦ የመሀል ዳኛው የመጀመሪያውን ፊሽካ ሲነፋ አንድ ፎቶ ማንሳት። የዚያ ፋይል ሰዓት የጨዋታው ዜሮ ደቂቃ ይሆናል፤ በመጀመሪያው አጋማሽ ማን በስንተኛው ደቂቃ እንዳገባ ከዚያ ተነስቶ ይቆጠራል። ከዚያ በፊት የሁለቱን ቡድኖች የስም ዝርዝር ወረቀት ፎቶ አንስቶ መያዝ፤ ቁጥር ከስም ጋር የሚዛመደው በዚያ ነው።

የሚቀጥለው ልምምድ ሁለት ሰው በአንድ ጨዋታ ላይ ነው፤ አንዱ ከግቡ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ፣ በእረፍት ሰዓት ሳይለዋወጡ። ቡድኖቹ ጎን ስለሚቀይሩ ያው ቦታ በመጀመሪያው አጋማሽ የአንዱን አጥቂዎች፣ በሁለተኛው የሌላውን ያሳያል። ፎቶዎቹን ጎን ለጎን አድርገን ከየትኛው በኩል ብዙ ፊት እንደተገኘ እንቆጥራለን፤ በርጩማ ያለው ይዞ ይምጣ።