ለብሔራዊ የጋዜጠኝነት ሽልማት ማመልከቻ እንዴት አዘጋጀሁ?

የሽልማቱ ዳኛ ጉዳዩን አያውቀውም። ዘገባው የወጣበትን ሰሞን ወሬ አልሰማም፣ ባለሥልጣኖቹን አያውቃቸውም፣ ጠረጴዛው ላይም ገና ያልተነበቡ ብዙ ሥራዎች አሉ። ማመልከቻዬን ያዘጋጀሁት ይህን ሰው እያሰብኩ ነው።

መጀመሪያ ደንቡን አትሜ ሦስት ነገር አሰመርኩበት፦ ዘገባው መውጣት ያለበት ጊዜ፣ የሚፈቀደው የሥራ ብዛትና ሥራውን ለዳኞች የሚያስተዋውቀው ደብዳቤ የቃላት ገደብ። ከእነዚህ አንዱን የሳተ ሥራ ዳኛ ሳያየው ይወድቃል። ዘርፍ ስመርጥ ራሴን የጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው፦ ዘገባው ባይሠራ ኖሮ ነገሩ ተደብቆ ይቀር ነበር? አዎ ከሆነ የምርመራ ዘገባ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ግን ያልገባውን ነገር ያስረዳ ከሆነ ቦታው ማብራሪያ ዘገባ ነው። ሰባት ሥራ ይፈቀዳል ተብሎ ሰባት መሙላት አያስፈልግም፤ ደካማው የጠንካራውን ዋጋ ያወርዳል። ሦስት በቂ ነበር።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ደብዳቤው ነው። አብዛኛው ሰው «ይህ ዘገባ የብዙ ወራት አድካሚ ጥረት ውጤት ነው» ብሎ ይጀምራል። ድካም ግን ማስረጃ አይደለም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የተገኘውን ነገር መናገር አለበት፤ ለምሳሌ «ሆስፒታሉ ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ለ14 ወራት ሲያድል እንደነበር ከመጋዘኑ 212 ቢን ካርዶች (የመድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብባቸው ካርዶች) አረጋገጥን»። ከዚያ እንዴት እንደተገኘ፣ ከዚያ ምን እንደተለወጠ። ለውጡ ላይ ቃል መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ከዘገባው በኋላ ኃላፊው ተነሡ» እና «በዘገባው ምክንያት ኃላፊው ተነሡ» አንድ አይደሉም። ዘገባውን በስም የሚጠቅስ የስንብት ደብዳቤ ወይም ቃለ ጉባኤ ከሌለ የመጀመሪያውን ብቻ እጽፋለሁ።

ለእያንዳንዱ ክስ አዘል ዓረፍተ ነገር በኤክሴል አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ ነበረኝ፦ ዓረፍተ ነገሩ፣ ምንጩ፣ የተገኘበት ቀን፣ ያረጋገጠው አርታኢ። ይህ መሠራት ያለበት ዘገባው ሲጻፍ ነው፤ በቀነ ገደቡ ሳምንት ከተጀመረ ማስታወሻው ጠፍቶ፣ የድምፅ ቅጂው ተደምስሶ ይገኛል። ስማቸው እንዳይገለጽ ቃል የገባሁላቸው ሰዎች «ምንጭ 1»፣ «ምንጭ 2» ተብለው ገቡ። ፒዲኤፍ ላይ ስም በጥቁር ሳጥን መሸፈን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተመርጦ ሲገለበጥ ስሙ ይወጣል። ስለዚህ ሸፍኜ፣ አትሜ፣ መልሼ ስካን አደረግኩ። ከፎቶዎቹም ስልኩ የሚመዘግበውን የቦታ መረጃ አጠፋሁ። የትኛውም ሽልማት የአንድን ምንጭ ደኅንነት አያህልም።

ዘገባው ላይ የወጣ እርማት ወይም የቀረበ ቅሬታ ካለ ከእነምላሹ አብሮ ይገባል። የአሜሪካው የጋዜጠኝነት ሽልማት የፑሊትዘር ደንብም ይህንኑ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1981 የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ዘጋቢዋ ጃኔት ኩክ ፑሊትዘርን ያሸነፈችበት ዘገባ ፈጠራ ሆኖ ሽልማቱ ተመልሷል። ነገሩ መፈታት የጀመረው ስለ ትምህርቷ ከተናገረችው የሐሰት ታሪክ ነበር። አጭር የሕይወት ታሪክ የሚሞላበትን ቅጽ እንደ ዘገባው ሁሉ መስመር በመስመር የማመሳክረው ለዚህ ነው።

ሌላው የሚያጣላ ነገር የስም ዝርዝር ነው። ፎቶ ያነሳው፣ መረጃውን ያጠናቀረው፣ የተረጎመው ሰው ማመልከቻው ከገባ በኋላ ሲያስታውሱት ቅጹ ተዘግቷል። ዝርዝሩን ሁሉም አይተው በጽሑፍ እንዲስማሙበት አደረግኩ።

ሊንክ ብቻ አላስገባሁም። ድረ ገጽ ይቀየራል፣ ክፍያም ይጠይቃል። የወጣበት ቀን የሚታይበትን የገጹን ፒዲኤፍ አብሬ አያያዝኩ፤ ሊንኮቹንም ምንም አካውንት ባልተከፈተበት ስልክ ሞከርኳቸው። አንደኛው የይለፍ ቃል ጠየቀ። ቀነ ገደቡ ሦስት ቀን ስለቀረው ለማስተካከል ጊዜ ነበር።